የነዳጅ ፓምፕ ቮልቴጅ መጨመሪያ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ይሄን አንብቡ

ሰላም ወገኖች። ይሄ ጽሑፍ ተርቦ ለጨመራችሁ፣ ኢንጀክተር ለቀየራችሁ፣ ባጭሩ ከፋብሪካ ከወጣበት በላይ ጉልበት የሚያወጣ መኪና ለምትነዱ ነው። "ፓምፕህን አትቀይር፣ ይቺን ሳጥን ብቻ ግጠም፣ ቮልቴጁን ከፍ ታደርግልሃለች፣ ነዳጅ አያጥርህም" የሚላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ቆም በሉ። እኔ አልቆምኩም። አንድ ፒስተን በልታብኛለች።

ሰውን የሚሸውደው ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አለመሆኑ ነው። የነዳጅ ፓምፕ ታንክ ውስጥ፣ እዚያው ነዳጁ ውስጥ ተነክሮ የሚሽከረከር ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ቮልቴጅ ሲጨመርለት በፍጥነት ይዞራል፣ በፍጥነት ሲዞር ብዙ ነዳጅ ይገፋል። ይሄ እውነት ነው። በደንብ የተሠሩ መጨመሪያዎችም አሉ፤ በትክክል ከተገጠሙ ሥራቸውን ይሠራሉ። የኔ ጣጣ ከነሱ ጋር አይደለም። እኔ የምለው ላያቸው ላይ ትልቅ ቁጥር ተለጥፎባቸው ውስጣቸው ያንን ቁጥር ስለማይሸከሙት፣ ከዚያም አልፎ "የፋብሪካው ሽቦ ላይ ሰክተህ መንዳት ነው" ተብለው ስለሚሸጡት ነው።

የኔ ታሪክ እንዲህ ነው። መኪናዬ በዝቅተኛ ቡስት (ተርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው የአየር ግፊት) ምንም አልነበረባትም። ቡስቱን ወደ 1.5 ባር ካሳደግኩት በኋላ ግን ዙሩ ከፍ ሲል የአየርና ነዳጅ መለኪያው ይሸሽ ጀመር። 11.6 ማለት ሲገባው (ለአንድ ኪሎ ነዳጅ 11.6 ኪሎ አየር) 12.4 ይላል። ነዳጅ እያጠራት ነው ማለት ነው። ሻጩ ሳጥኗን እዚያው ገጠመልኝ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ቴስተሩን መውጫዋ ላይ ደገነ። 17.1 ቮልት። "አየህ አይደል?" አለኝ። አየሁ፣ ከፈልኩ፣ ሄድኩ።

ያላስተዋልኩት ነገር ቢኖር መኪናዋ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ላይ መሆኗን ነው። በሚኒሞ የነዳጁ ግፊት ከ3 ባር አይበልጥም። 1.5 ባር ቡስት ሲገባ ግን ሬጉሌተሩ፣ ማለትም የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው፣ የነዳጁን ግፊት በዚያው ልክ ያሳድግና 4.5 ባር ያደርሰዋል፣ አለበለዚያ ኢንጀክተሩ ቡስቱን አሸንፎ ነዳጅ መርጨት አይችልም። ፓምፑም ያንን ግፊት ለመርታት ብዙ አምፔር ይስባል። በሚኒሞ የታየ 17 ቮልት ባዶ ጆንያ ተሸክሞ ጉልበቱን እንደሚያሳይ ሰው ነው። ኩንታሉ ሲጫንበት ነው የሚታወቀው።

በማግስቱ የፓምፑ ፊውዝ ተቃጠለ። ለሻጩ ደወልኩ። "20 አምፔር ነው ያለው፣ 30 አድርግበት" አለኝ። እኔም አደረግኩ። እባካችሁ እዚህ ጋ ስሙኝ፦ ፊውዝ የሚጠብቀው ፓምፑን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ሽቦው እዚያው ቀጭን ሆኖ ፊውዙን ብቻ ካሳደጋችሁ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚሄደው ወደ ነዳጅ ታንክ ነው። በኋላ የታንኩን ክዳን ስከፍት ሶኬቱ ቡናማ ሆኖ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ከፒኖቹ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። ከነዳጁ በላይ ጥቂት ጣት ያህል ብቻ እንደሆነ ሳይ እጄ ቀዘቀዘ።

ወደ ፒስተኑ ልመለስ። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቻለሁ፣ ዓይኔ መለኪያው ላይ ነው። 11.8፣ 12.5፣ 13.9። ቁጥሩ እንዲህ የተተኮሰው ዓይን እስኪጨፈን ባለ ጊዜ ውስጥ ነው። እግሬን ሳነሳ ግን ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚንኳኳ ዓይነት ድምፅ ሰምቼ ነበር። ካንዴላዎቹን ስፈታ የአራተኛው ነጩ ሸክላ ላይ ብርማ ነጠብጣቦች ተለጥፈውበታል። አሉሚኒየም ነው፤ ነዳጅ ሲያጥር በሚመጣው ሙቀት ከፒስተኑ ቀልጦ የመጣ። ቴስታታው ሲወርድ የፒስተኑ ጠርዝ፣ ቀለበቶቹ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ተሰብሮ ነበር።

ሞተሩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነገሩ አላስተኛኝም ነበርና ራሴ ለካሁት። አለካኩን ልንገራችሁ፣ ማንም ሰው ያለ ዳይኖ (የመኪና ጉልበት መለኪያ ማሽን) ሊያደርገው ይችላል። መኪናዋን በሚኒሞ አስነስታችሁ ከሬጉሌተሩ ላይ የቫኪዩም ቱቦውን ትነቅላላችሁ፣ የተነቀለውን ጫፍ ትደፍናላችሁ፣ በሬጉሌተሩ በኩል መለኪያ ባለው የእጅ ፓምፕ 1.5 ባር አየር ትሰጡታላችሁ። ሬጉሌተሩ ቡስት የመጣ ይመስለውና ግፊቱን 4.5 ባር ያደርገዋል፤ ሞተሩ ግን ምንም ጭነት የለበትም። የቴስተሩን ሽቦ አስረዝማችሁ የምትለኩት ከታንኩ ውጭ ባለው የፓምፑ ሶኬት ላይ ነው፣ ባትሪው ላይ ወይም የሳጥኗ መውጫ ላይ አይደለም። ይሄን ስትሠሩ ታንኩ ክፍት አይሁን፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር።

ባትሪው ላይ 13.8 ነው። ያለ ሳጥኗ ፓምፑ ጋ የደረሰው 11.7። ከሳጥኗ ጋር ደግሞ መጀመሪያ ለአፍታ ወደ 15 ወጣ፣ ከዚያ ተንቀጠቀጠና 10.8 ላይ ወረደ። ሳጥኗ እጅ የማታስነካ ትኩስ ሆናለች። የከፈልኩበት ዕቃ ከነበረኝ በታች አውርዶኛል!

ለምን እንዲህ እንደሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ሳጥኗ ኃይል አትፈጥርም። ከአንድ በኩል የምትሰጠውን ከሌላው በኩል ትወስዳለች፣ ከዚያም በላይ። ፓምፑ በ17 ቮልት 15 አምፔር ቢስብ 255 ዋት ነው። ሳጥኗ ከምትወስደው 85 ከመቶውን ብቻ ብታስተላልፍ የምትስበው 300 ዋት ይሆናል። ይሄ በ12 ቮልት 25 አምፔር ነው። 15 አምፔር ሲያልፍበት 2 ቮልት የሚጥል ሽቦ ላይ 25 ስትጭኑበት ከ3 ቮልት በላይ ይጥላል። ወደ ሳጥኗ የሚገባው ቮልቴጅ ሲወርድ እሷ ደግሞ ያንኑ ዋት ለማግኘት ተጨማሪ አምፔር ትስባለች፣ ሽቦው ይብሳል፣ ቮልቴጁ እንደገና ይወርዳል፣ እሷም እንደገና ትስባለች፣ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። የሚወድቀውም ሞተሩ ነዳጅ አብዝቶ በሚፈልግባት በዚያች ሰዓት ነው። በሰላሙ ጊዜ ደህና ትሠራለች። ሻጩም "ስሰጥህ ትሠራ ነበር" ብሎ የሚከራከራችሁ ለዚህ ነው።

እኔን ያዳነኝ ሽቦ ነው። ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ሽቦ ሳብኩ፣ ባትሪው አጠገብ የራሱን ፊውዝ አደረግኩለት፣ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ጨመርኩ፤ የድሮውን የፋብሪካ ሽቦ ሪሌውን ለማስነሳት ብቻ ተጠቀምኩበት። ኔጌቲቩንም በዚያው ውፍረት ቀየርኩ። ብዙ ሰው ይሄኛውን ይረሳል፣ ሄዶ የማይመለስ ኤሌክትሪክ ግን ዋጋ የለውም። በዚያው አለካክ ፓምፑ ጋ 13.3 ቮልት ደረሰ። መለኪያው ወደ 11.6 ተመለሰ። ሳጥን የለም፣ አዲስ ፓምፕም የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። በባትሪውና በፓምፑ መሀል ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ መጀመሪያ መቀየር ያለበት ሽቦው ነው። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ የነዳጁ ግፊት ከቡስቱ ጋር እኩል ካልወጣ ያኔ ፓምፑን፣ ፊልትሮውን፣ ቱቦውን ተጠራጠሩ። ግፊቱ ሳይዛነፍ ነዳጅ ካጠረ ደግሞ ጥፋቱ የፓምፑ አይደለም። ኢንጀክተሩ አቅሙ አልቆበት ወይም ቱኒንጉ (የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ ለዚያ ምንም ሳጥን አይረዳም።

ፓምፑ ራሱ ይበቃችሁ እንደሆነም አስሉ። ተርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጉልበት በግምት ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.27 ኪሎ ነዳጅ ይፈልጋል። 500 የፈረስ ጉልበት ከሆነ 135 ኪሎ፣ በሊትር 180 ገደማ ማለት ነው። ኢ85 (አብዛኛው ኤታኖል የሆነ ነዳጅ) ከሆነ ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ጨምሩበት። ፓምፑ ላይ "255 ሊትር" ተብሎ የተጻፈው ደግሞ በዝቅተኛ ግፊትና በሙሉ ቮልቴጅ ነው፤ 4.5 ባር ላይ በ11.7 ቮልት ያን ያህል አትጠብቁ።

"ሳጥኗ 30 የፈረስ ጉልበት ትጨምራለች" ለሚላችሁም መልስ አለኝ። በሬጉሌተር የሚሠራ ሲስተም ላይ ሞተሩ ውስጥ የሚገባውን ነዳጅ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ትርፉ በመመለሻው ቱቦ ተመልሶ ታንክ ይገባል። ሳጥን ብቻውን አንድም የፈረስ ጉልበት አይጨምርም።

የግድ መጨመሪያ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ፓምፑ የማይቀየርበት ቦታ ከሆነ፣ ሻጩን እነዚህን ጠይቁት። ሳያቋርጥ ስንት አምፔር ይችላል፣ በስንት ቮልት? ሲበላሽ የባትሪውን ቮልቴጅ ቀጥታ ያሳልፋል ወይስ ፓምፑን ያጠፋዋል? የራሱ ወፍራም ሽቦና ፊውዝ አለው? በግፊት ስዊች ቡስት ሲመጣ ብቻ ይነሳል ወይስ ሁሌም ነው? ሁሌም ከሆነ ፓምፑን ያለ ጊዜው ይጨርሰዋል፣ ነዳጁንም ያሞቀዋል። ፓምፑ በራሱ መቆጣጠሪያ ሞጁል ለሚታዘዝ መኪና ደግሞ ከሞጁሉ ጋር መስማማቱን በግልጽ ያሳያችሁ። ሲያድበሰብስባችሁ ጥላችሁት ሂዱ።

ለሻጩ የተሰበረውን ፒስተንና የቀለጠውን ሶኬት ፎቶ ላክሁለት። ገንዘቤን አልመለሰም፣ "አገጣጠም ነው" አለኝ። የገጠመው እሱ ነው።

ሳጥኗ አሁንም እኔ ጋ አለች። አንድ ሰው በርካሽ ሽጥልኝ ብሎኝ ነበር። ሽቦዎቿን ከሥራቸው ቆርጬ አስቀምጫታለሁ።