45 ሚሊ ሜትር ቱብለስ ጎማ በሞርቫን ደን፦ ከስምንት ወር በኋላ

ፍርዱ ይቅደም። መሐሉ ልሙጥ፣ ጎንና ጎኑ ጥርሳም የሆነው ይህ የግራቭል (የጠጠር መንገድ) ብስክሌት ጎማ ለፈረንሳዩ ሞርቫን በጋ ከበቂ በላይ ነው፤ መሬቱ ሲርስ ግን ፊት ላይ መቀመጥ የለበትም። ቶሎ የሚያልቀው የኋላው ስለሆነ ብዙ ሰው አዲስ ጥርሳም ጎማ ሲገዛ ኋላ ያስገባዋል። እዚህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የኋላው ሲንሸራተት እግር ይደክማል፤ የፊቱ ሲንሸራተት ብስክሌተኛው ይወድቃል።

ጎማው ቱብለስ ነው፣ ማለትም የውስጥ ጎማ የለውም፤ በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ይጨመርበታል። የፋብሪካውን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ተመሳሳይ አሠራር ያለው ጎማ በብዙ ስም ይሸጣል። ጎኑ ላይ 45-622 የሚል አለው፣ በተለምዶ 700 በ45 የሚባለው ማለት ነው። ሚዛን ላይ አንዱ 520 ግራም ይመዝናል። የውስጥ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር በሆነ ቸርኬ ላይ ሲነፋ 46.5 ይለካል፤ ስለዚህ «እስከ 45 ይቀበላል» የሚባል ብስክሌት ላይ ጭቃ የሚያልፍበት ቦታ አይተርፍም። በየጎኑ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ጥንዱ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት (ወሮቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) 2,900 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ሲሶው አስፋልት ነው፤ በሞርቫን ከመንደር መንደር ሲኬድ አስፋልት መንካት አይቀርም።

ሞርቫን ከፓሪስ በደቡብ ምሥራቅ፣ ቡርጎኝ ውስጥ ያለ የግራናይት ተራራና ደን ነው። ከፍታው አያስፈራም፤ ትልቁ ጫፍ ኦ-ፎለን 901 ሜትር ብቻ ነው። የሚያደክመው መቆራረጡ ነው፦ ዳገቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ያልቃል፣ ወደ ወንዝ ይወረዳል፣ እንደገና ይወጣል። በ60 ኪሎ ሜትር ጉዞ ከ1,000 ሜትር በላይ መውጣት የተለመደ ነው። ጎማውን የሚፈትነውም ይኸው ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ዓይነት መሬት ይቀያየርበታል።

የመጀመሪያው የበሰበሰ ግራናይት አሸዋ ነው። ውሃ አይዝም፤ ትናንት ዘንቦ ዛሬ ጠዋት ደረቅ ሆኖ ይገኛል። ይህ ጎማ የተሠራው ለዚህ መሬት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ መሐሉ ልሙጥ ስለሆነ ድምፅ ሳያሰማ ይንከባለላል። ሁለተኛው ለግንድ ጫኝ መኪና ተብሎ አዲስ የተሰባበረ ድንጋይ የፈሰሰበት የደን መንገድ ነው፣ እኛ ኮረኮንች የምንለው። ድንጋዩ ገና ስላልተረገጠ ጠርዙ እንደ ቢላ ነው። ሦስተኛው በዳግላስ ጥድ ተክል ሥር ያለው ጥቁር መሬት ነው፤ ግንድ የሚጎትቱ ማሽኖች ጉልበት የሚደርስ ቦይ ትተውበት ይሄዳሉ። እዚያ ልሙጡ መሐል በ50 ሜትር ውስጥ ጭቃ ይለብስና ጎማው ሳሙና የተቀባ ይመስላል። ጥርሳም ጎማም ቢሆን እዚያ ቦታ ብዙ አያድንም፤ ወርዶ መግፋት ይሻላል። (በነገራችን ላይ የደኑ ምልክት ላይ «ፒስት ፎሬስቲዬር» (የደን መንገድ) የሚል ሲያዩ ግር አይበልዎ፤ «ፒስት» የእኛው ፒስታ ነው፤ እኛ ከጣልያንኛ ወሰድነው እንጂ ሥሩ አንድ ነው።)

አሁን ወደ ነፋሱ፤ በዚህ ጎማ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ብስክሌተኛው፣ ብስክሌቱና ዕቃው በድምሩ 90 ኪሎ ሲሆኑ፦ ለደረቅ ጠጠር ፊት 1.9፣ ኋላ 2.1 ባር (ባር የነፋስ ግፊት ልክ ነው)። ለእርጥብ ሥርና ቅጠል ፊት 1.7፣ ኋላ 1.9። ቀኑን ሙሉ አስፋልት ከሆነ ፊት 2.4፣ ኋላ 2.6። ኋላው ከ1.7 በታች ከወረደ ቸርኬው ድንጋይ መምታት ይጀምራል፤ «ጣ» የሚል ድምፅ ከተሰማ 0.2 ባር መጨመር ነው። ክብደቱ በ10 ኪሎ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ 0.15 ባር ያህል ማስተካከል ይበቃል። የቆመ ፓምፕ ላይ ያለው መለኪያ በዝቅተኛ ነፋስ ላይ በቀላሉ በ0.2 ይሳሳታል፤ እዚህ ደግሞ 0.2 ብዙ ነው። ለብቻ የሚገዛ ትንሽ ዲጂታል መለኪያ ከጎማው ቀጥሎ የሚጠቅም ዕቃ ነው። ቸርኬው የጎማውን ጠርዝ የሚይዝ መንጠቆ የሌለው ዓይነት ከሆነ በላዩ የተጻፈውን ከፍተኛ ልክ ማየት ግዴታ ነው፤ ደንቡ ከ5 ባር በላይ አይፈቅድም፣ ለሰፊ ጎማ ደግሞ አምራቹ ከዚያም ዝቅ ያደርገዋል።

በስምንት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ተበስቷል፤ ሦስቱ ኋላ፣ ሦስቱም ጎኑ ላይ። የእሾህ ቀዳዳ ፈሳሹ ራሱ ይደፍነዋል፤ አንዳንዴ የሚታወቀው ቤት ተደርሶ ነጭ ነጥብ ሲታይ ነው። የጎን መቀደድ ግን ሌላ ነው። 9 ሚሊ ሜትር የሆነውን አንዱን ፈሳሹ አልቻለውም፤ የላስቲክ ገመድ መሰኪያ ሲገባበት ለሁለት ሰዓት ያዘ፣ ከዚያ መልቀቅ ጀመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጎኑ ቀጭን ስለሆነ ሲታጠፍ መሰኪያውን ያላቅቀዋል፣ መሐሉ ግን ወፍራም ስለሆነ ጨብጦ ይይዘዋል። መፍትሔው ከውስጥ ወፍራም ልጣፍ መለጠፍና ከመነዳሪ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ፣ ማስገባት ነው። ልጣፍ ከሌለ የጥርስ ሳሙና ቱቦ ቁራጭ ቤት ድረስ ያደርሳል። ጎኑ ሽፋን የተጨመረበት ዓይነት በአንድ ጎማ ከ50 እስከ 80 ግራም ይከብዳል፤ ለኋላ ያ ጭማሪ አያስቆጭም።

ሦስቱም ቅዳጆች የደረሱት በተሰባበረው ድንጋይ ላይ፣ በቁልቁለት፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ነው። ልቅ ድንጋይ የሚከማቸው መሐልና ጠርዝ ላይ ነው፤ የግንድ መኪና ጎማ የረገጠው መስመር ግን የተጠቀጠቀ ነው። እዚያ መስመር ላይ መቆየት ከማንኛውም የጎማ ሽፋን ይበልጣል።

አገጣጠሙ ቀላል ነው፣ አንድ ቦታ ካልተዘነጋ። የቸርኬው ቴፕ ከውስጥ ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መስፋት አለበት፤ ለ25 ቸርኬ 27 ወይም 28። ከመለጠፉ በፊት ቸርኬውን በአልኮል ማጽዳት፣ ቴፑን ወጥሮ መጠቅለል፣ መጨረሻውን 10 ሳንቲ ሜትር መደራረብ። ጎማውን በሳሙና ውሃ አርሶ፣ የቫልቩን ውስጥ ነቅሎ ወደ 3 ባር መንፋት፤ ሁለት ጊዜ «ጧ» ካለ ተቀምጧል። ከዚያ አስተንፍሶ በቫልቩ በኩል 80 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ መጨመርና ጎማውን በሁለቱም ጎን አጋድሞ ማወዛወዝ። በበጋ ፈሳሹ በሁለት ወር ይደርቃል፤ በብርድ ሦስት ወር ይቆያል። ጎማ መንፊያ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርትሪጅ (ትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ) አንዳንዱን የላቴክስ ፈሳሽ ያረጋዋል፤ የእጅ ፓምፕ መያዝ ይሻላል።

ስለ ማርሽ አጭር ቃል። ፊት 30፣ ኋላ 34 ጥርስ ቢሆን በዚህ ጎማ አንድ የፔዳል ዙር 1.97 ሜትር ይወስዳል። በደቂቃ 60 ዙር 7 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ 12 በመቶ ዳገት ላይ 90 ኪሎ ለማውጣት 225 ዋት ገደማ ይጠይቃል። ያንን ለአሥር ደቂቃ መያዝ የማይችል ሰው ፊት 40፣ ኋላ 44 ቢያደርግ ብዙም አይጠቀምም፤ ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ይከብዳል።

ለመሞከሪያ የሚሆነው መንገድ የሴቶን ሐይቅ ዙሪያ ነው፤ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዚያ ለጥቆ ከሴቶን ተነስቶ፣ የጉሉን ፏፏቴ አልፎ፣ በኪውር ሸለቆ ወደ ደን-ሌ-ፕላስ ወርዶ፣ በብረይ-ሸኑ ደን ወደ ሳን-ብሪሶን ወጥቶ መመለስ። ሦስቱም መሬት አለበት፤ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ወደ ደቡብ፣ በኦ-ፎለንና የጥንቷ የጎሎች ከተማ ቢብራክት ባለችበት በሞን በቭሬ (821 ሜትር) በኩል፣ ዳገቱ ይጠናል።

መስመር ሲወጣ የአይጂኤን (የፈረንሳይ ብሔራዊ ካርታ ተቋም) 1 ለ25,000 ካርታ ከስልክ መተግበሪያ ይበልጣል። ድርብ መስመር መኪና የሚያልፍበት ነው፤ ነጠላ ያልተቆረጠ መስመር ለትራክተር፤ የተቆራረጠ ቀጭን መስመር የእግረኛ ነው፣ ለዚህ ጎማም አይሆንም። በነጭና ቀይ ቀለም የሚታወቀው ረጅሙ የእግር መንገድ ጂአር 13 በብዙ ቦታ ድንጋያማ ደረጃ ነው። የተራራ ብስክሌት ምልክት፣ ሦስት ማዕዘንና ሁለት ክብ ያለው፣ አረንጓዴና ሰማያዊው ይመቻል፤ ቀዩንና ጥቁሩን መተው። መተግበሪያው «ጠጠር» ያለው መንገድ ባለፈው የብርድ ወራት ዛፉ ተቆርጦ ቅርንጫፍ የተዘረገፈበት ሊሆን ይችላል። አንድ ቅርንጫፍ ማርሽ ቀያሪውን ጎትቶ ማንጠልጠያውን ይሰብራል፤ ለብስክሌቱ የሚገጥም መለዋወጫ ማንጠልጠያ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ከመስከረም እስከ የካቲት አደን ስላለ «ሻስ አን ኩር» (አደን ላይ ነን) የሚል ሰሌዳ ከታየ መመለስ፣ ብርቱካናማ መልበስ። ውሃ በመቃብር ቦታ ቧንቧ ይገኛል፤ በብርድ ወራት ግን ይዘጉታል።

የጎማው መሐል አዲስ ሲሆን 1.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ አሁን ኋላው 0.6፣ ፊቱ 1.4 ነው። በጥቅምት የቢች ዛፍ ቅጠል የዛፉን ሥር ሸፍኖ ሲርስ ፊቱ በጠመዝማዛው ላይ ሳያስጠነቅቅ ይለቃል፤ ነፋሱን ወደ 1.6 ማውረድም ብዙ አልረዳም። ስለዚህ ፊት ላይ ወጥ ጥርስ ያለው 45 ገባ፤ አሮጌው የፊት ጎማ ወደ ኋላ ዞረ፤ የኋላው ተጣለ። አሮጌው ሲነቀል የደረቀ ላቴክስ የቫልቩን ቀዳዳ ደፍኖት ተገኘ፤ መለኪያው ትክክል ያልሆነ ነፋስ ሲያሳይ የነበረው በዚያ ምክንያት ነው። በየሁለት ወሩ ፈሳሹ ሲጨመር የቫልቩን ውስጥ ነቅሎ በሽቦ መጥረግ፣ አልወጣ ካለ በሁለት ሦስት ዩሮ አዲስ መግዛት።