«የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ካራ» ለመግዛት ላሰባችሁ

የጥንት ካራ፣ ጩቤና ጎራዴ የምትሰበስቡ ወገኖቼ፣ በደብረ ማርቆስ ገበያ «የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ቀጥቃጭ የሠራው» ተብሎ በ28 ሺህ ብር የተሸጠልኝ ካራ ሐሰተኛ ሆኖ ስላገኘሁት፣ እናንተም እንዳትታለሉ ይህን ጽፌያለሁ።

ካራው የቀንድ እጀታና የቆዳ አፎት ያለው ሲሆን ብረቱ ዝገት የበላው ይመስላል። ሻጩ ከካራው ጋር የሠሪውን ስምና የተሠራበትን ዓመት የሚገልጽ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጠኝ። ያሳመነኝ ከብረቱ ይልቅ ወረቀቱ ነው፤ የአንድን ካራ ሠሪ ማወቅ ለሰብሳቢ ትልቅ ነገር ነውና። ሆኖም የአገራችን ቀጥቃጮች በሥራቸው ላይ ምልክት የማኖር ልማድ አልነበራቸውም። «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ይናቁ ስለነበር ስማቸውን በጽሑፍ ያቆየላቸው ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኞችን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱትም በዚሁ ምክንያት ነበር። ስለዚህ የሠሪው ስም ያለ ምንም የቤተሰብ ምስክርነት በወረቀት ብቻ ሲቀርብላችሁ፣ ከመደሰታችሁ በፊት ልትጠረጥሩ ይገባል።

ካራውን ቤት ወስጄ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ሳሸው፣ ዝገት የመሰለኝ ቡናማ ነገር እንደ ቀለም ተነሣና ከሥሩ የሚያብለጨልጭ ብረት ወጣ። እጀታውና ብረቱ በሚገናኙበት ቦታ የተጠመጠመውን ቆዳ ስፈታው ደግሞ፣ በሞረድ ተፍቆ ሙሉ በሙሉ ያልጠፋ የላቲን ጽሑፍ አገኘሁ፤ «ዞሊንገን» እና «ሮስትፍራይ» ይላል።

ዞሊንገን በስለት ሥራዋ ለብዙ መቶ ዓመታት የታወቀች የጀርመን ከተማ ናት። የይሁዳ አንበሳና የግእዝ ፊደል ተቀርጾባቸው ከዚያ ወደ አገራችን የገቡ እውነተኛ ጎራዴዎች ስላሉ፣ የከተማዋን ስም ብቻ አይታችሁ ዕቃውን አትናቁት። ውሸቱን ያጋለጠው ሁለተኛው ቃል ነው። «ሮስትፍራይ» በጀርመንኛ «የማይዝግ» ማለት ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ብረት ለቢላዋ መዋል የጀመረው የእንግሊዝ ከተማ በሆነችው በሼፊልድ ይሠራ የነበረው ሃሪ ብሪርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 ካቀለጠው በኋላ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግን በ1873 ዓ.ም. ነግሠው በ1893 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1901) አርፈዋል፤ ይህም ማለት እንዲህ ያለ ብረት ከመቅለጡ 12 ዓመት ያህል ቀደም ብለው ሞተዋል። የማይዝግ ብረት በዚያ መልክ ስለማይዝግ፣ ዝገቱም ሆን ተብሎ የተቀባ ነበር። «ሜድ ኢን ጀርመኒ» (በጀርመን የተሠራ) የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካገኛችሁም ልብ በሉ፤ ይህ አጻጻፍ የተስፋፋው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1887 ካወጣችው የንግድ ምልክት ሕግ ወዲህ ስለሆነ፣ በ1860 ዓ.ም. ያረፉት የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው የሚባል ዕቃ ላይ ሊገኝ አይችልም።

እጀታውም «የአውራሪስ ቀንድ» ተብሎ ነበር የተሸጠልኝ። የአውራሪስ ቀንድ እስከ ውስጡ ድፍን ሆኖ እንደ ታሰረ ጠጕር ያለ ክር ይታይበታል፤ የእኔው ግን ውስጡ ክፍት የሆነ የበሬ ቀንድ ሆኖ ክፍተቱ በማጣበቂያ ተሞልቷል። እውነተኛ ቢሆን ኖሮ እንኳ ንግዱ የተከለከለ ነው።

ገንዘቤን ለማስመለስ ስሄድ ሻጩ «አይተህ ገዝተሃል» ብሎ መለሰኝ። ዕቃው ቅርስ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የተመዘገበበትን ማስረጃ እንዲያሳየኝ ስጠይቀው ግን ዝም አለ። በመደቡ ላይ በተመሳሳይ ቀይ ቆዳ የተጠመጠሙ፣ በሦስት የመዳብ ምስማር የተመቱ ሌሎች ሁለት ካራዎች ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ካራ ከቀረበላችሁ ገንዘብ ከመቍጠራችሁ በፊት ቆዳውን አስፈቱ፣ የማያስፈታ ከሆነም ትታችሁት ሂዱ።