ዋየርጋርድ ከቢሮ ውጭ ኢሜይል ለሚከፍቱ

ዋና ቢሮው ደብረ ማርቆስ ሆኖ ሠራተኞቹ ቡሬ፣ ሞጣና ቢቸና ለተበተኑበት ድርጅት የኢሜይል ሰርቨሩን 993 (መልእክት ማንበቢያ) እና 587 (መላኪያ) ፖርቶች፣ ማለትም የመገናኛ በሮች፣ ለሁሉም ክፍት መተው የይለፍ ቃል ገማቾችን መጋበዝ ነው። ዋየርጋርድ የሠራተኛውን መሣሪያ ከቢሮው ጋር በተመሰጠረ ዋሻ የሚያገናኝ የቪፒኤን ፕሮግራም ሲሆን፣ ሁለቱን በአንድ የዩዲፒ (የኢንተርኔት መላኪያ ስልት) ፖርት ይተካል፤ የተለመደው 51820 ነው። የተመዘገበ ቁልፍ ለሌለው ጠያቂ ምንም መልስ አይሰጥም። ፖርት 25 ግን ከሌሎች ሰርቨሮች መልእክት ለመቀበል ክፍት ይቆያል።

ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል። በማይክሮቲክ ራውተር ለመጠቀም የራውተሩ ሥርዓተ ክወና ራውተርኦኤስ 7 መሆን አለበት፤ 6 ላይ የለም። ቢሮው ቋሚ የሕዝብ አይፒ ቢኖረው ይመረጣል።

ለእያንዳንዱ ስልክና ላፕቶፕ የየራሱ ቁልፍ ይሰጠው፤ ሁለት መሣሪያ በአንድ ቁልፍ ከገባ እየተነጣጠቁ ይቆራረጣሉ። በሠራተኛው መሣሪያ ቅንብር፣ በተፈቀዱ አድራሻዎች (AllowedIPs) መስመር ላይ የሰርቨሩን አይፒ ብቻ በ/32 (አንድ አድራሻ ብቻ ማለት ነው) ይጻፉ፤ 0.0.0.0/0 (ሁሉም አድራሻ) ካሉ የሠራተኛው ዩቲዩብ ሳይቀር በቢሮው መስመር ይዞራል። አዲስ መልእክት ወዲያው እንዲደርስ ግንኙነቱን በየ25 ሰከንዱ ሕያው የሚያደርግ ማቆያ (PersistentKeepalive) ይጨመር። መግባት ተችሎ አባሪ ያለው መልእክት ከተንጠለጠለ ኤምቲዩን (የአንድ ፓኬት ትልቁን መጠን በባይት) ከ1420 ወደ 1280 ማውረድ ነው።

ብዙ ባለሙያ የሚያደናግረው ሰዓት ነው። የቅርንጫፉ ራውተር ባትሪ ያለው ሰዓት ከሌለው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ሰርቨሩም ጥያቄውን እንዳረጀ ቆጥሮ ይጥለዋል። ሰዓት የሚያስተካክለው ኤንቲፒ ከዋሻው ውጭ በቀጥታ ይሂድ።

ድክመቱ፦ በራሱ ሁለተኛ ማረጋገጫ የለውም፤ ስልክ ከተሰረቀ ቁልፉ ከሰርቨሩ ወዲያው ይሰረዝ። ዩዲፒ በታገደበት የሆቴል ዋይፋይም አይሠራም፤ ለዚያ ሌላው የቪፒኤን ፕሮግራም ኦፕንቪፒኤን፣ ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት በቲሲፒ ፖርት 443፣ ይሻላል።