ዓመት የማይጽፈው ደንበኛ፦ የዳርዊንን ደብዳቤዎች ደሴ ተቀምጬ ሳነብ

ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ስለይ ኖሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰው ደብዳቤ ማየት ናፍቆኝ ነበር። ፖስታውን ማለቴ ነው፤ ከፍቶ ማንበብ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት አሥራ አንደኛ ክፍል የሚማረው የልጅ ልጄ ስልኩን ይዞ መጣና «አባባ፣ የእርስዎን ነገር አገኘሁልዎት» አለኝ።

ያገኘው የእንግሊዛዊውን የተፈጥሮ ተመራማሪ የቻርልስ ዳርዊንን ደብዳቤዎች ነው። የካምብሪጅ ሰዎች ሥራውን የጀመሩት በ1974 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) እሱ የጻፋቸውንም፣ ለእሱ የተጻፉትንም ሰበሰቡ፤ ወደ 15,000 ገደማ። በ30 ቅጽ አትመው የጨረሱት በ2023 ነው። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ በነፃ ይነበባሉ። ልጁ ለባዮሎጂ የቤት ሥራው ሥጋ በል ዕፅዋትን ይፈልግ ነበር። እሱ ተክሉን ፈለገ፣ እኔ ፖስታውን።

15,000ውን አነበብኩ ብዬ አልዋሽም። ስለ ተክሎቹ የሚያወሩትን መርጠን አርባ ገጽ ያህል ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምን። ገጹ ተደበላልቆ ወጣ። የ1875ቱ ከላይ፣ የ1860ው ከታች። ብናገር ልጅቷ «አባቴ፣ ቁጥር የላቸውም እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የላቸውም። ቤት ገብቼ ወለሉ ላይ ዘርግቼ በቀን፣ በላኪና በተቀባይ ለየኋቸው። ባለቤቴ ቡና እየቆላች አየችኝና «ጡረታ ወጣሁ አላልክም እንዴ?» አለች።

ነገሩ የሚጀምረው በ1860 በጋ ነው። ያኔ ደሴ ገና አልተቆረቆረችም። ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈውን መጽሐፍ ካወጣ ዓመት አልሞላውም፤ አገሩ በእሱ ስም ይናጣል። እሱ ግን ሃርትፊልድ የሚባል ቦታ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ረግረግ ውስጥ አንዲት ትንሽ ተክል ያያል። ድሮሴራ ትባላለች። ቅጠሏ ክብ ነው። ላዩ ላይ ቀያይ ፀጉሮች አሉት፤ በየጫፋቸው ሙጫ የመሰለ ጠብታ ያብለጨልጫል። ዝንብ ሲያርፍበት ይጣበቃል፣ ፀጉሮቹም ቀስ እያሉ ይታጠፉበታል።

በቃ፣ ሰውየው ተያዘ። እንደ ዝንቡ። የሠላሳ አንድ ቅጠሎች ፀጉር ቆጠረ፤ ትንሹ 130፣ ትልቁ 260፣ መካከለኛው 192 ሆነ። ጥሬ ሥጋ አበላት፣ የእንቁላል ነጭ አበላት፣ ወተት ጠብ አደረገላት። ሚስቱ ኤማ ለወዳጃቸው ለጂኦሎጂስቱ (የምድር አፈጣጠር ተመራማሪው) ቻርልስ ላይል ሚስት ስትጽፍ ድሮሴራን እንደ ሕያው ፍጡር እየተንከባከባት ነው፣ በመጨረሻ እንስሳ ነች ብሎ ማረጋገጥ ሳይፈልግ አይቀርም ትላለች። ይህንን ለባለቤቴ አነበብኩላት። «ስታዝን ነው የጻፈችው» አለች ቡናውን እያማሰለች። ዳርዊንም በኅዳር ለራሱ ለላይል ሲጽፍ፣ ከዓለም ዝርያ ሁሉ አመጣጥ ይልቅ የድሮሴራ ነገር ይበልጥብኛል ብሏል። ዓለምን ያናወጠ መጽሐፍ ባወጣ በዓመቱ!

ስለ ተክሏ የጻፈው መጽሐፍ የወጣው በ1875 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ቆየ። እዚያ ላይ ያለ አንድ ቁጥር እንቅልፍ ነሳኝ። ክብደቱ ከአንድ ሚሊግራም አንድ ሺህኛውን እንኳ የማይሞላ የፀጉር ቁራጭ ሲያርፍባት ፀጉሯን ታጥፋለች። እኔ ዕድሜ ልኬን የሠራሁበት ሚዛን ለሃያ ግራም ደብዳቤ እንኳ ሲያወላውል ኖሯል። ደግሞ ይህቺው ተክል ዝናብ ሲመታት ንቅንቅ አትልም። እንደ ደሴ ሰው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ፤ ወደ ጥቅሎቹ። ያኔ ተክልም በፖስታ ይሄዳል። ዳርዊን ዳውን የምትባል መንደር ተቀምጦ «ይህን ላክልኝ፣ ያን ፈልግልኝ» ሲል ነው የሚውለው። የኪው የዕፅዋት ማዕከል ኃላፊ ሁከር ወዳጁ ነበር፤ ከዚያ ይላክለታል። ሌዲ ዶሮቲ ኔቪል የተባለች ባለጸጋ በ1874 ብርቅ ተክል ላከችለት። የዕፅዋት ሊቁ ኤሳ ግሬይ ከአሜሪካ ይጽፋል። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የአንድ ፔኒ ቴምብር ከ1840 ጀምሮ ደብዳቤን አገር ምድሩ ድረስ ያደርሳል። ያ አንድ ፔኒ ባይኖር ይህ ሁሉ ሳይንስ የት ይገኝ ነበር? ይህን የምለው ፖስተኛ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ስለሆንኩም ነው።

ካንቢ የተባለው አሜሪካዊ የሞከረው ቤቱን ሁሉ አሳቀ። ዲዮኒያ የምትባለውን፣ ቅጠሏን እንደ ወጥመድ ከርቸም የምታደርገውን ተክል ሥጋ አበላት፤ ወደደችው። አይብ ሰጣት፤ ቅጠሉ ጠቁሮ ሞተ። የልጅ ልጄ «ክትፎዋን ያለ አይብ ነው የምትበላው ማለት ነው» አለ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የሜሪ ትሪትን ነው። ኒው ጀርዚ፣ ቫይንላንድ የምትኖር ሴት ነች። ዩኒቨርሲቲ የላትም፣ ማዕረግ የላትም፤ ማይክሮስኮፕና ትዕግሥት አላት። ነገሩ ውሃ ውስጥ ስለሚበቅል ዩትሪኩላሪያ ስለሚባል ተክል ነው። ጥቃቅን ፊኛዎች አሉት፣ ነፍሳት እዚያ ውስጥ ገብተው ይቀራሉ። እንዴት ገቡ? ዳርዊን ራሳቸውን እንደ ሽብልቅ ሰክተው በጉልበት ገፍተው የሚገቡ መስሎት ነበር። እሷ ቁጭ ብላ አየች። አይገፉም፤ ፊኛው ነው የሚስባቸው። ጻፈችለት። እሱም በ1875 መልሶ ሲጽፍላት ስለ ሽብልቁ መሳሳቱ ግልጽ መሆኑን አልሸሸገም። ዛሬ ፊኛው ውስጡ ያለውን ውሃ ወደ ውጭ እያስወጣ ራሱን እንደሚያኮማትር፣ በሩ ሲነካ ደግሞ ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ምግቡን እንደሚውጥ ይታወቃል። ይህንን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሥራ ዘመኔ ለአለቃዬ ስህተቱን በወረቀት ያሳየሁት አንዴ ነው፤ የመለሰልኝን እዚህ አልጽፍም።

ደብዳቤዎቹን ስለይ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ተከዝኩ። በዚያው ዘመን፣ ለዳርዊን አገር ንግሥት ለቪክቶሪያ፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ለንደን ደረሰ። አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀመጠ እንጂ መልስ አልመጣም። ንጉሡ ተቆጥተው ፈረንጆቹን አሰሩ፤ ነገሩ በ1868 መቅደላ ላይ አለቀ፣ እዚሁ እኛው ወሎ። ስለ አንድ ዝንብ ለጠየቀ ሰው በሳምንት ውስጥ መልስ የሚደርስበት አገር ነው እንግዲህ። ካሁን በኋላ «ደብዳቤ ምን ያደርጋል?» የሚለኝን ይህንን ነው የምነግረው።

እንከኑስ? አንደኛ፣ ሁሉም እንግሊዝኛ ነው፤ ያውም የድሮ። እኔ በመዝገበ ቃላት ተጓዝኩ፣ ልጁ በትርጉም መተግበሪያ፤ ስንገናኝ ትርጉማችን ሁለት ሆኖ እንከራከራለን። የግርጌ ማስታወሻው ግን ግሩም ነው። ማን ማን እንደሆነ፣ የትኛው ተክል እንደተላከ ቁጭ አድርገው ያስረዳሉ፤ ከደብዳቤው ይልቅ እሱን ያነበብኩባቸው ቀኖች አሉ።

ሁለተኛው የዳርዊን የራሱ ጥፋት ነው። ቀን ይጽፋል፣ ዓመት አይጽፍም! አንዳንዴ «ማክሰኞ» ብሎ ብቻ ይተወዋል። የትኛው ማክሰኞ? አዘጋጆቹ ከወሬው ጭብጥ እየተነሱ ዓመቱን በቅንፍ ሞልተውለታል። እኔ መስኮቱ ላይ ብሆን ኖሮ መልሼ እሰጠው ነበር።

ማየት ለሚፈልግ ምክሬ፦ ከመጀመሪያው ቅጽ አትጀምሩ፣ ትሰለቻላችሁ። መፈለጊያው ላይ ድሮሴራ ብላችሁ በላቲን ፊደል ጻፉ፤ ለላይል የጻፈውን አንብቡና ወደ ሜሪ ትሪት እለፉ። የምታሳትሙ ከሆነ ገጹን ራሳችሁ ቁጥር ስጡት።

ከአምስት አራት ተኩል ሰጥቻለሁ። የቀነስኳት ግማሽ የማክሰኞዋ ናት።