የድሮ ካሴት ማስገልበጥ በማርቆስ፦ ዘፈን ብቻ አታስጭኑበት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የድሮ የቪዲዮ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው አለ ወይ ለምትሉ፣ አለ። አንድ ፎቶ ቤት ነው፤ ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም። ስሙን አልጠራም። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ነገር አለኝ፣ ቤቱ ደግሞ ትንሽ ነው። ማርቆስ ወርዳችሁ «ዴክ ያለው ፎቶ ቤት የት ነው?» ብትሉ የሚጠቁማችሁ አታጡም።

የወሰድኩት የአጎቴን የሰርግ ካሴት ነው። ጥር 1987 ዓ.ም.፣ ቢቸና። ያኔ የቪዲዮ ካሜራ የተሸከመ ሰው ከሙሽራው እኩል ነበር የሚታየው፤ ካሜራማኑም ከማርቆስ ተጠርቶ ነው የመጣው። ካሴቱ ከዚያ ወዲህ በፌስታል ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ፣ ከአያቴ የክት ቀሚስ ሥር ኖሯል። ስናወጣው ክሩ ጠርዝ ጠርዙን ነጭ ሻጋታ ይዞታል። የኛ አገር ክረምት ለካሴት አይሆንም፣ እርጥበቱ እንኳን ክር ልብስም ያሻግታል።

ቤቱ የሚመሰገነው እዚህ ላይ ነው። የሚሠራው ልጅ ካሴቱን እንዳየ ዴክ ውስጥ አልከተተውም። ብሎኑን ፈታ፣ ሻጋታውን ቀስ ብሎ አጸዳ፣ ክሩን አውጥቶ ወደ ሌላ ደህና ካሴት ቀፎ አዛወረው፣ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ አጠነጠነው፣ ከዚያ በኋላ ነው የከተተው። ሌላ ከተማ ያለ ሌላ ቤት ዝም ብሎ ከትቶ የአክስቴን ልጅ የክርስትና ካሴት ዴኩ በልቶታል። ስለዚህ ይሄ ጥንቃቄ ቀላል ነገር አይደለም።

ካሴት የሚገለበጠው እየተጫወተ ነው። የሁለት ሰዓት ካሴት ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ማፋጠን የሚባል ነገር የለም። መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ነው። «ነገ ተመለሱ» ሲሏችሁ አትነጫነጩ። ዋጋው ለአንድ ካሴት ከአንድ ኪሎ ቡና ትንሽ ያንሳል፤ ለሥራው አይበዛም። ዴክ ራሱ እየጠፋ ነው። አዲስ ሲያመርት የቆየው የጃፓኑ ፉናይ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል። እነዚህ ያሉት ዴኮች እስኪያረጁ ድረስ ነው እንግዲህ።

አሁን ወደ ወቀሳው። የቤቱ የተለመደ አሠራር ምን መሰላችሁ? ካሴቱን ይገለብጡና «አሰልቺውን» ይቆርጡታል፣ ድምፁን ያጠፉታል፣ ከላይ የሰርግ ዘፈን ይጭኑበታል። ደንበኛ ይወደዋል አሉ። ይውደደው፣ እኔ ምን አገባኝ። ግን ሳይጠይቁ ነው የሚያደርጉት! እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስለነበር ነው የዳነው።

ልጁ መጨረሻው ላይ ሲደርስ «እህቴ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ባዶ ነው፣ የሚጨፍርም የለም፣ ልቁረጠው?» አለኝ። ባዶ ያለው በማግስቱ ጠዋት የተቀረጸውን ነው። ካሜራማኑ አድሮ ነበር፤ የተረፈው ክር አይባክን ብሎ ነው መሰለኝ ጓሮ ወጥቶ ያገኘውን ሁሉ አንስቷል። አያቴ ቁጭ ብላ ቡና ትለቅማለች። ታናሽ እህቴ አጠገቧ ናት፣ ያኔ ሁለት ዓመት ተኩሏ ነው።

«ትናንት ማን መጣ ሆዴ?»

«ሙሽራ።»

«ምን ለብሳ?»

«ነጭ።»

«ከዚያስ? በጉስ?»

«በጉ ሄደ። አባባ ሮጠ።»

እውነቷን ነው። እዚያው ካሴት ላይ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በጉ ገመዱን በጥሶ ሲሮጥ አባታችን በሙሉ ልብሱ ሲያባርረው ይታያል። ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ አይታለች፣ ይዛዋለች፣ በማግስቱም በቅደም ተከተል ተናግራዋለች።

ይህችው እህቴ ዛሬ በጉን አታውቀውም። ስለዚያ ሰርግ ብትጠይቋት የምትነግራችሁ የጠላ ጋን ውስጥ ወድቃ ሚዜው በእግሯ ጎትቶ እንዳወጣት ነው። በየበዓሉ ትናገረዋለች፣ የጌሾው ሽታ ሳይቀር። ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር አየነው፤ ጋን ውስጥ የወደቀ ልጅ የለም። ዳሱ ሞቅ ባለበት ሰዓት እሷ አያቴ ጀርባ ላይ ታዝላ ተኝታለች። እናታችን «እሱማ የጎረቤት ልጅ ነው፣ ያውም በሌላ ሰርግ» አለች። እህቴ ግን እስከዛሬ አላመነችም። ካሜራው ሳያየኝ ነው ትላለች።

እኛ ዘንድ «ሕፃን ምን ያስታውሳል» ይባላል። ያስታውሳል እንጂ። የሚጠፋው በኋላ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና አጥኚ ካሮሊን ሮቪ-ኮሊየር ከሕፃን አልጋ በላይ መጫወቻ ሰቅላ፣ ጥብጣቡን ከሕፃኑ እግር ጋር አስራ፣ ሲራገጥ መጫወቻው እንደሚወዛወዝ ታስለምደው ነበር። የሁለት ወር ልጅ ይህንን ለአንድ ሁለት ቀን ያስታውሳል። የስድስት ወሩ ለሁለት ሳምንት ገደማ። ልጁ እያደገ ሲሄድ ጊዜው እየረዘመ ይሄዳል፤ ግን ትልቅ ሰው ሆኖ «የመጀመሪያ ትዝታህ ምንድነው?» ሲባል አብዛኛው ሰው ወደ ሦስት ዓመት ተኩል አካባቢ ያለውን ነው የሚጠራው። ከዚያ በፊት የነበረው የት ገባ?

አትላንታ ኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ያለችው ፓትሪሺያ ባወር ይህንን ተከታትላዋለች። ልጆች ሦስት ዓመታቸው ላይ ስለኖሩት ነገር ከእናታቸው ጋር ሲያወሩ ተቀዳ፤ ዓመታት ቆይቶ ስለዚያው ነገር ተጠየቁ። ከ5 እስከ 7 ዓመታቸው የተጠየቁት ከ60 በመቶ በላዩን ያስታውሱ ነበር። 8 እና 9 ዓመት ሆኗቸው የተጠየቁት ግን 35 በመቶ ገደማውን ብቻ። ስለዚህ እህቴ ትምህርት ቤት ስትገባ በጉን ታውቀው ነበር ቢባል አይገርምም። ሦስተኛ ክፍል አካባቢ ነው ያመለጣት።

ለምን? አንዱ ምክንያት ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ትዝታ የሚያያዘው በሱ በኩል ነው፣ በልጅነት ደግሞ ገና እየተሠራ ነው፤ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት በብዛት ይፈጠሩበታል። ቶሮንቶ ያሉት ፖል ፍራንክላንድና ሺና ጆሰሊን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት የአይጥ ጥናት፣ አዲሶቹ ሕዋሳት ሲገቡ የድሮውን ትስስር እንደሚያናጉት አሳይተዋል። ትልልቅ አይጦች ላይ የሕዋሳቱ መፈጠር ሲጨምር የተማሩትን ረሱ፤ ግልገሎቹ ላይ ሲቀንስ ደግሞ የተማሩት ቆየላቸው። ከአራት ዓመት በኋላ የባሰ ነገር አመጡ። በግልገልነታቸው ትዝታውን የያዙትን ሕዋሳት በብርሃን ሲቀሰቅሷቸው፣ ጠፋ የተባለው ትዝታ አድገውም ተመለሰላቸው። አይጥ አይጥ ነው፣ ሰው አይደለም፤ ግን ለአይጥ እንኳን ትዝታው ጨርሶ እንዳልተሰረዘ ሳነብ ያ የበግ ነገር የእህቴ ጭንቅላት ውስጥ የሆነ ቦታ ተደብቆ ይሆን እንዴ ማለቴ አልቀረም።

ሌላው ምክንያት ወሬ ነው። አዎ፣ ወሬ። ልጅ ያየውን መልሶ የሚያወራበት ሰው ካገኘ፣ «ከዚያስ? ማን ነበር? ምን አለ?» የሚለው ካለ፣ ነገሩ መልክ ይዞ ይቆይለታል። ኒውዚላንድ ውስጥ በተደረገ ጥናት የማኦሪ ተወላጆች የመጀመሪያ ትዝታ በአማካይ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር አካባቢ ላይ ሲሆን፣ እዚያው አገር ያሉት የአውሮፓ ዘሮች ግን ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ነው። አጥኚዎቹ ያያያዙት ማኦሪዎች ዘንድ ያለፈውን ለልጅ መተረክ ትልቅ ቦታ ስላለው ነው። የኛ አያቶች ቡና ላይ ልጅ አስቀምጠው የሚያደርጉት ሌላ ምን ሆነና!

እና ድምፁን አጥፍተው ዘፈን የሚጭኑት ይህንን ላይ ነው። ሙሽራዋን ፎቶዋ ላይም አገኛታለሁ። ኬኩንም፣ ሚዜዎቹንም። «ከዚያስ? በጉስ?» የሚለውን የአያቴን ድምፅ ግን ከዚያ ካሴት በቀር የትም አላገኘውም፤ አያቴም ካረፈች ቆይታለች። ለዘፈኑ ብለው ያንን ሊያጠፉት ነበር እኮ!

ወሬው የሚያቆየውን ያህል የሌለውንም ይፈጥራል፣ እሱም ሳይባል አይታለፍ። የጋኑ ታሪክ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከዚያው ቡና ላይ ነዋ። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያጄ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ሁለት ዓመቱ ገደማ ፓሪስ ውስጥ በሕፃን ጋሪ ሆኖ ሌባ ሊሰርቀው ሲል ሞግዚቱ እንደታደገችው ከነፊቷ ጭረት ያስታውስ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት አካባቢ ሲሆነው ሞግዚቷ ለወላጆቹ ደብዳቤ ጻፈች፤ ውሸት ነው፣ የሸለማችሁኝን ሰዓትም ውሰዱ ብላ መለሰችላቸው። ልጁ ሲወራ የሰማውን ነው እንዳየው አድርጎ የያዘው። እህቴን ይህንን ነግሬያት «እኔን ከፈረንጅ ጋር አታወዳድሪኝ» አለችኝ።

የዚሁ ቤት ሌላ አገልግሎት ያሳሰበኝም ለዚህ ነው። የድሮ ፎቶ ያድሳሉ። የተቀደደ መጠገን፣ የደበዘዘ ማጥራት፣ እሺ ጥሩ ነው፣ በደንብም ይሠሩታል። ግን ደግሞ ጥቁርና ነጩን ቀለም ይቀቡታል፣ ያልሳቀውን ያስቁታል፣ ያልነበረውን ሰው ያስገቡታል። ለአንድ ደንበኛ ልጁ ሳይወለድ የሞተ አባትን ከልጁ ጋር አቅፈው እንዲታዩ ሠርተው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል፤ ሰው እያየ ያለቅሳል። የሚያለቅሰውን አልፈርድበትም። ቢሆንም ያ ልጅ አድጎ ምን ብሎ ያስታውስ ይሆን?

ይህ ዝም ብሎ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የኒውዚላንድና የካናዳ አጥኚዎች ሃያ ሰዎችን ወስደው፣ የልጅነት ፎቶአቸውን ቆርጠው በሞቀ አየር የሚበር ፊኛ ላይ የወጡ አስመስለው ሠሩት። አንዳቸውም ወጥተው አያውቁም። ሦስት ጊዜ ከተጠየቁ በኋላ ግማሾቹ ጉዞውን ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል «አስታወሱት»። ያኔ ያ በስንት ድካም የተሠራ ፎቶ ነው፤ አሁን የፎቶ ቤቱ ልጅ በስልኩ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሰዋል። የታደሰ ፎቶ ካሠራችሁ እንዳለ የተቃኘውንም (ስካን የተደረገውንም) ለብቻ ተቀበሉ፣ ሁለቱ አይደባለቁ።

ሌላም አለ። ፎቶ ሲቃኙ ፊቱን ብቻ ነው። ጀርባውስ? የኛ የድሮ ፎቶዎች ጀርባቸው ላይ ነው ጉዳያቸው፤ «ለማስታወሻ ያህል» ተብሎ ቀን፣ ቦታ፣ የሰው ስም በእስክርቢቶ ይጻፍበታል። ተጨማሪ ይከፈላል አሉኝና ከፈልኩ። አሁን ስልኬ ላይ ማን ማን እንደሆነ የማውቀው በሱ ነው።

ልትሄዱ ካሰባችሁ መጀመሪያ ደውላችሁ ዴኩ ደህና መሆኑን ጠይቁ፤ በኔ ጊዜ አንድ ብቻ ነው ያላቸው። ከሞጣም ከደጀንም ለምትመጡ ይህ ትርጉም አለው። ካሴቱን ስትሰጡ «አይቆረጥም፣ ድምፁ አይነካም፣ ዘፈን አይጫንበትም» ብላችሁ ተናገሩ፤ ደረሰኙ ላይም አጽፉት፣ ምክንያቱም ተቀብሎ የሚያስገባው ልጅና የሚያቀናብረው ልጅ ይለያያሉ። ዘፈን ያለበትን ከወደዳችሁ ሁለተኛ ኮፒ አድርጋችሁ አሠሩ። ፍላሽ ከቤት ያዙ፣ እዚያ የሚሸጡት ይወደዳል። ዋናውን ካሴት መልሳችሁ መቀበል አትርሱ። ቤት ስትገቡ ሌላ ቦታም ላይ ገልብጡት፣ ፍላሽ ይበላሻል።

ለካሴት ሥራው ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት በዘፈኑ ነው።