የጊዜ መለጠጥ ካልኩሌተሮች፦ ቁጥሩስ ልክ ነው፣ የማን ሰዓት ነው?

የጊዜ መለጠጥ ማለት በከፍተኛ ፍጥነት የሚጓዝ ሰው ሰዓት ምድር ላይ ካለው ሰዓት ይልቅ በዝግታ መቁጠሩ ነው። ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚገኙት የጊዜ መለጠጥ ካልኩሌተሮች ሥራቸው ቀላል ነው፦ ፍጥነትና ጊዜ ይገባላቸዋል፣ ጋማ የሚባለውን ማባዣ (የምድሩ ጊዜ የተጓዡን ስንት እጥፍ እንደሆነ) ያወጣሉ። ፍጥነቱ የብርሃን ፍጥነት 0.6 እጥፍ ሲሆን ጋማ 1.25 ነው፤ በ0.8 1.667፣ በ0.99 ደግሞ 7.09። ከእነዚህ አንዱን እንኳ የሚስተውን ወዲያው ዝጉት።

ትልቁ ጣጣ ያለው ጊዜ በሚገባበት ሳጥን ላይ ነው። “ጊዜ” ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የምድሩ ይሁን የተጓዡ አይታወቅም። በ0.99 ፍጥነት 10 ዓመት ስታስገቡ፣ የምድር ጊዜ ከሆነ ተጓዡ 1.41 ዓመት ብቻ ያሳልፋል፤ የተጓዡ ከሆነ ግን ምድር ላይ 70.9 ዓመት ያልፋል። የሃምሳ እጥፍ ስህተት በአንድ ቃል ጉድለት! ሁለቱን ሳጥኖች ለይቶ የማይሰይም ካልኩሌተር፣ መልኩ የቱንም ያህል ቢያምር አይመከርም።

ሁለተኛው ፈተና ጫፉ ላይ፣ ማለትም ፍጥነቱ ወደ ብርሃን ፍጥነት እጅግ ሲጠጋ ነው። ከነጥብ በኋላ 17 ዘጠኞች ብትደረድሩ የተለመደው የኮምፒውተር ስሌት ቁጥሩን 1 አድርጎ ያጠጋጋውና በዜሮ ወደ ማካፈል ይገባል። ደህናው ዓይነት ከብርሃን ፍጥነት የጎደለውን ብቻ ይጠይቃል። ይህ በወረቀትም ይሠራል፦ የጎደለውን በ2 አባዙ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ 1ን ለእሱ አካፍሉ። ለ0.0001 ጉድለት ጋማ 70.7 ይመጣል።

ለእውነተኛ ጉዞ ግን ፍጥነት ብቻ የሚቀበሉት አይበቁም፤ መንኮራኩሩ በቅጽበት 0.8 ላይ ይደርሳል ብለው ይነሳሉና። 4.24 የብርሃን ዓመት ወደሚርቀው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ የምድር ስበት ያህል እየተገፉ እስከ አጋማሹ መፍጠን፣ ከዚያ በዚያው ኃይል ፍጥነት መቀነስ በምድር ሰዓት 5.9፣ በተጓዡ 3.5 ዓመት ገደማ ይወስዳል። የሞተር ግፊት የሚቀበለውን ምረጡ፤ “መድረሻው ላይ መቆም” የሚለውንም ምልክት ማድረግ አትርሱ። አለዚያ በተጓዡ ሰዓት 2.3 ዓመት ይላችኋል፣ ኮከቡን ግን አልፋችሁት ነው።

ለጂፒኤስ ሳተላይት እነዚህን ባትሞክሩ ይሻላል። ፍጥነቱ ሰዓቱን በቀን 7 ማይክሮሰከንድ ያህል ያዘገየዋል፣ የስበቱ መሳሳት ግን 45 ያስቀድመዋል፤ ውጤቱ ወደ 38 የሚጠጋ መቅደም ነው። ፍጥነትን ብቻ የሚያሰላው ካልኩሌተር የቀደመውን ሰዓት ዘገየ ይላችኋል።