ከደሴ ለኢተርናል ሴፕቴምበር፦ ምስጋና፣ ለፈላጊም ጥቆማ

ዩዝኔትን (ሰዎች በርዕስ በተከፋፈሉ ግሩፖች መልእክት የሚለዋወጡበትን የቆየ የኢንተርኔት መድረክ) በነጻ የሚያስነብብና የሚያስጽፍ ሰርቨር ለምትጠይቁን የደሴ፣ የኮምቦልቻና የሐይቅ ልጆች፦ ሌላ ቦታ ሳትደክሙ ኢተርናል ሴፕቴምበርን ያዙ። የሚያስተዳድሩትን ሰዎች እዚህ በአካል የሚያውቅ የለም፣ አማርኛም አያነቡም። ቢሆንም ውለታ የዋለን ሰው ሳይመርቁ መሸኘት በወሎ ነውር ነውና እድሜና ጤና ይስጣቸው፣ ሰርቨራቸውን አያጥፋባቸው። አሚን በሉ።

ዩዝኔት በብራውዘር ይከፈትበት የነበረው ጎግል ግሩፕስ ከየካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የዩዝኔት መልእክት አይቀበልም፣ አይልክምም፤ የቀረው የድሮው ማህደር ነው። ስትፈልጉ የሚወጡላችሁ የ«ነጻ ሰርቨር» ዝርዝሮችም አብዛኞቹ ስማቸው እንጂ ነፍሳቸው የለም። ክፍት ሰርቨር የሚሞተው ባብዛኛው በሁለት ነገር ነው። ያለ ምዝገባ ካስጻፈ ማስታወቂያ የሚረጩ ይወሩታል። ፋይል የሚጫንባቸውን ባይነሪ ግሩፖች ከያዘ ደግሞ ሙሉው ፍሰት በቀን ከ100 ቴራባይት ያልፋል፤ ያንን በነጻ የሚሸከም ትከሻ የለም። ኢተርናል ሴፕቴምበር ሁለቱንም በር ዘግቷል፦ ምዝገባ ይጠይቃል፣ ጽሑፍ ብቻ ይይዛል። ፊልም ፍለጋ የመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። (ስሙ «የማያልቅ መስከረም» እንደማለት ነው፤ ድሮ መስከረም በጠባ ቁጥር ደንቡን የማያውቁ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ዩዝኔት ይጎርፉ ነበር፣ በፈረንጆቹ ከ1993 ወዲህ ግን ጎርፉ አልቆመም።)

መጀመሪያ ድረ ገጻቸው ላይ ተመዝገቡ። ኢሜይላችሁ ትክክለኛ ይሁን፣ ማረጋገጫው የሚመጣው በዚያ ነው፤ ከዘገየ የስፓም ሳጥኑን እዩ። ቀጥሎ ተንደርበርድን (ኢሜይልና ዩዝኔት ማንበቢያ ነጻ ፕሮግራም) ከፍታችሁ ከአካውንት ሴቲንግስ «የኒውስግሩፕ አካውንት ጨምር» የሚለውን ምረጡ። የሰርቨሩ ስም ኒውስ ነጥብ ኢተርናል ሰረዝ ሴፕቴምበር ነጥብ ኦርግ ነው፣ በላቲን ፊደል፣ ክፍተት ሳይኖረው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነው። ሰርቨር ሴቲንግስ ውስጥ ደህንነቱን ግንኙነቱን ወደሚያመሰጥረው ኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ ቀይሩት፤ ፖርቱ (የመግቢያ በሩ ቁጥር) ከ119 ወደ 563 መለወጡን አረጋግጡ። «ሁልጊዜ መለያ ጠይቅ» የሚለው ሳጥን ላይም ምልክት አድርጉ። ይህ ከተረሳ ፕሮግራሙ ስምና ፓስዎርድ ሳይሰጥ ይገባና ወይ የግሩፖቹ ዝርዝር ጎዶሎ ይሆናል፣ ወይ ሰርቨሩ 480 (መጀመሪያ ስምና ፓስዎርድ ስጥ) ብሎ ይመልሳል። 481 ካለ ፓስዎርዱ ተሳስቷል።

ግሩፕ ስትከፍቱ ከ500 በላይ መልእክት ካለ ተንደርበርድ ስንቱን ላውርድ ይላል። ሁሉንም አትበሉ፤ 500ው አቦል እስኪፈላ ይወርዳል። ከመስመር ውጭ ለማንበብ ግሩፑ ላይ ምልክት ካደረጋችሁና መልእክቶቹን ካወረዳችሁ በኋላ መብራትም ኔትወርክም ቢሄድ፣ ባትሪ እስካለ፣ ቁጭ ብሎ ማንበብና መልስ ማዘጋጀት ይቻላል። መስመሩ ሲመለስ ይላካል።

አሮጌ ላፕቶፕ ላላችሁ አንድ ነገር። መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የሰርቨሩ ሰርተፍኬት (ማንነቱን የሚያረጋግጠው ሰነድ) «ገና አልጀመረም» ተብሎ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ፓስዎርድ እየቀያየሩ አይደከም፤ ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ትባላለች፣ ቀይሩና ቀኑን አስተካክሉ።

ከሌላ ዝርዝር ላይ ያገኛችሁትን ሰርቨር ሳትመዘገቡ መፈተን ትችላላችሁ። በዊንዶውስ ቴልኔት (ከሰርቨር ጋር በጽሑፍ ትእዛዝ መነጋገሪያ) ተዘግቶ ስለሚመጣ ከዊንዶውስ ፊቸርስ አብሩት፤ ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ቴልኔት፣ የሰርቨሩን ስም፣ 119 ብላችሁ በላቲን ጻፉ። 200 ካለ ማንበብም መጻፍም ይፈቅዳል፣ 201 ካለ ማንበብ ብቻ። 502 ካለ እናንተን አያስገባም። ዝም ካለ ወይ ሞቷል ወይ የምትጠቀሙበት ኔትወርክ ፖርቱን ዘግቶታል፤ በስልክ ዳታ ደግማችሁ ሞክሩ። ካስገባችሁ «ግሩፕ» የሚለውን ትእዛዝና የግሩፑን ስም በላቲን ጻፉ። ካለው 211 ብሎ የመልእክቶቹን ግምታዊ ብዛት፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁጥር ይነግራችኋል፤ ከሌለው 411 ይላል። የመጨረሻው ቁጥር በሳምንቱ ካልጨመረ ሰርቨሩ ቆሟል፣ ወይም ግሩፑ ላይ የሚጽፍ የለም።

የፕሮግራመሮችን የኢሜይል ውይይት ብቻ ለምትፈልጉ ጂሜን (የኢሜይል ውይይቶችን እንደ ዩዝኔት ግሩፕ የሚያስነብብ ሌላ ሰርቨር) ይበቃችኋል፦ ኒውስ ነጥብ ጂሜን ነጥብ አይኦ። ለማንበብ ምዝገባ የለውም።

ስትጽፉ «ፎሎውአፕ» ወደ ግሩፑ፣ «ሪፕላይ» ወደ ሰውየው ኢሜይል ነው የሚሄደው፤ አታምታቷቸው። የላኪ አድራሻችሁም ለሁሉም ይታያል፣ ስለዚህ ዋናውን ኢሜይል አታስገቡ። አማርኛ ከጻፋችሁ የፊደሉ ኮድ (ኢንኮዲንግ) ዩቲኤፍ 8 መሆኑን እዩ፣ አለዚያ አንባቢው የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ነው የሚደርሰው። ሙከራውን ግን ሰው በሚነጋገርበት ግሩፕ እንዳታደርጉት፤ ኢተርናል ሰረዝ ሴፕቴምበር ነጥብ ቴስት የሚባል ለዚሁ የተከፈተ ግሩፕ አላቸው፣ እዚያ የፈለጋችሁትን ያህል «ሰላም ከደሴ» በሉ።